በዕቁብ ብሬ የገዛሁት ቴሌስኮፕና ወንድሜ ያላየው ሳተርን



ሰሞኑን አንዲት የሰፈራችን እናት መንገድ ላይ አስቆሙኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ጋዜጣ ላይ ስለ ዕቃ ትጽፊ የለ? እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። የ13 ዓመት ልጃቸው «ቴሌስኮፕ ካልገዛችሁልኝ» ብሎ መውጫ መግቢያ አሳጥቷቸዋል። ብሩንም እንደ ምንም አጠራቅመዋል። የቀራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ከሁሉ አብልጦ የሚያጎላው የትኛው ነው?»

ይህቺን ጥያቄ ስሰማ ሆዴ ባር ባር አለብኝ። ለምን ብትሉ፣ እኔም በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ይህችኑ ጥያቄ ይዤ ነው ሱቅ የገባሁት። መንገድ ላይ ቆሜ የምመልሰው ነገር ስላልነበረ «እጽፍልዎታለሁ» ብዬ አመለጥኩ። እነሆ ቃሌን ልፈጽም። ምክሩ ብቻውን ግን አይገባም፤ የደረሰብኝን ጭምር ላጫውታችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ያረፈው እኔ 12ኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲያ መማሩ ቀረ። አላማረኝም ብል ውሸት ነው፤ ቤቱ ግን ሠርቶ የሚያገባ ሰው ይፈልግ ነበር። ወንድሜ ያኔ ገና አንደኛ ክፍል አልገባም። «አንተ ተማርልኝ እንጂ የእኔስ ግድ የለም» እያልኩ አሳደግኩት። ይህቺ አባባል ለተናጋሪዋ ትጣፍጣለች። ለሚሰማት ልጅ ምን ያህል እንደምትከብድ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ልጁ 8ኛ ክፍል ሲደርስ የኮከብ ነገር ያዘው። መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ ሻማ ፍለጋ ስንራወጥ እሱ ግቢ ወጥቶ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ይቆማል። «እታለም፣ ያቺ የማትርገበገበዋ ኮከብ አይደለችም፤ ፕላኔት ናት» ይለኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? «ጎበዝ!» እላለሁ። በሆዴ ግን «ይህ ልጅ የትም ይደርሳል፤ መሣሪያ ብቻ ነው የቸገረው» ብዬ ደመደምኩ።

ታዲያላችሁ ኅዳር 10 ቀን ዕቁብ ደረሰኝ፤ 20 ሺህ ብር። ዕቁቡን የጣልኩት ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈስብንን ቆርቆሮ ላስቀይርበት ነበር። ብሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ስሄድ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ቴሌስኮፕ አየሁ። ካርቶኑ ላይ ቀለበቱ የሚያብረቀርቅ ሳተርን አለ። ከሥሩ በትልቁ «675 ጊዜ ያጎላል» ይላል። አጠገቡ ያለው «150 ጊዜ» ብቻ ነው የሚለው። 675 እያለ 150 ማን ይገዛል? ሻጩም «የኔ እህት፣ ይሄ ሌላ ነው!» አለኝ። 13 ሺህ 500 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ።

እናታችን ካርቶኑን አየች፤ ቀና ብላ ደግሞ ቆርቆሮውን አየች። «ይሁን፤ ከልጅ አይበልጥም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በላይ ቃል አልወጣትም።

በዚያች ማታ ወንድሜና እኔ ግቢ ወጥተን ገጣጠምነው። ሻጩ «ትንሿን ሌንስ ክተቱባት፣ ይህቺን ማጉያ ደርቡባት፣ ከዚያ በኋላ ጉዱን እዩ» ብሎኝ ስለነበር እንደዚያው አደረግን። እኔ ሳየው አንድ ግራጫ ጉም ነገር ይንቀጠቀጣል። ቧንቧውን በጣቴ ነካ ሳደርገው ጉሙም ይጠፋል። እግሮቹ እንደ አዲስ ጥጃ እግር ይብረከረካሉ። ወንድሜ ግን ዓይኑን ለጥፎ ብዙ ቆየና፣ «አየሁት እታለም! ቀለበቱ ሳይቀር!» አለኝ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ? «የእኔ ዓይን ነው የደከመው» ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ማታም እኔ ጉም ብቻ ነበር ያየሁት። ኅዳር 12 ደግሞ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን ሲያቃጥል ዋለ። ሰበብ አገኘሁ፤ «ጭሱ ነው» አልኩ። ጭሱ በነጋታው ሄደ፤ ጉሙ ግን አልሄደም። ወንድሜ በየማታው «ዛሬም አየሁት» ይለኛል። እኔም ለጓደኞቼ፣ ለዕቁብ ዳኛው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «ወንድሜ ሳተርንን አየ» እያልኩ አወራሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከአጥሩ ወዲያ ከጓደኛው ጋር ሲያወራ ሰማሁት። ጓደኛው «ና አሳየኝ በቃ» ይለዋል። ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለው፤ «ምንም አይታይም ባክህ። ግን የቆርቆሮውን ብር አውጥታበት እንዴት ብዬ አይታይም ልበላት?»

እግሬ እዚያው ደረቀ። ቤት አልገባሁም፤ ዞሬ ጥግ ላይ ያለችው ሱቅ ሄጄ የማያስፈልገኝን ሳሙና ገዛሁ። ያናደደኝ ብሩ እንዳይመስላችሁ። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከ10 ቀን በላይ ብርድ ላይ እየቆመ ያላየውን «አየሁ» ሲለኝ ከርሟል፤ ለእኔ ብሎ! «አንተ ተማርልኝ» ስለው የኖርኩት ልጅ የማይታየውን «አይታየኝም» ማለት ፈርቶኛል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኛ ቤት የቀረው ሳተርን ነበር።

ከእኛ አለፍ ብሎ አንድ ጡረተኛ ይኖራሉ። ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፍ ለማየት የሚመጡ ቱሪስቶችን በመኪና ሲያዞሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው በአሮጌ ባይኖኩላር ዛፍ ላይ ያለ ወፍ ሲመለከቱ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ሳሙናዬን እንደያዝኩ እሳቸው ዘንድ ገባሁና ሁሉንም ዘረገፍኩት። አልሳቁብኝም። «ማታ ልጁንም ዕቃውንም ይዘሽ ነይ፤ የሰማሽውን ግን አታንሺበት» ብቻ አሉኝ።

ማታ ሄድን። ጋሼ ካርቶኑን አነበቡና፣ «675? ይሄ እኮ የመኪና ፍጥነት መለኪያ ላይ 240 ተጽፎ እንደማየት ነው። ተጽፏል ማለት ይሮጣል ማለት አይደለም» አሉ። ከዚያ የቧንቧውን አፍ በጣታቸው ለኩ። 60 ሚሊ ሜትር ነው። ያስተማሩኝን ሂሳብ እናንተም ያዙልኝ፦ አንድ ቴሌስኮፕ በደንብ ሊያጎላ የሚችለው ቢበዛ የአፉን ስፋት በሚሊ ሜትር ሁለት እጥፍ ያህል ነው። 60 ከሆነ 120 ጊዜ። ከዚያ በላይ ስታጎሉ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አይጠራም፤ ይጨልማል፣ ይደበዝዛል፣ ትንሿ መንቀጥቀጥም አብራ ትጎላለች።

«ታዲያ 675 ከየት መጣ?» ብትሉ፣ እሱም ሂሳብ አለው። የቴሌስኮፑ ርዝመት፣ ማለትም ብርሃኑ የሚሰባሰብበት ርቀት፣ 900 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ዓይናችንን የምናስጠጋበት ሌንስ ላይ ለተጻፈው ቁጥር ታካፍላላችሁ። 900 ለ4 ሲካፈል 225፤ ሦስት እጥፍ የምታደርገው ማጉያ ስትደረብ 675። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ጥቅሙ ነው ውሸት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እኔ ነኝ።

ጋሼ ማጉያዋን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። ከካርቶኑ ሥር ላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደ፣ 20 የሚል ሌንስ አወጡ። 900 ለ20፣ 45 ጊዜ ብቻ። የብረቱን እግሮች አሳጠሩ፤ አንድ ፌስታል ድንጋይ ሞልተው ከመሃል አንጠለጠሉበት። መንቀጥቀጡ ቀነሰ። መጀመሪያ ቀን ሙሉ ሳይደረግ የቀረውን ነገርም አደረጉ። ቧንቧው ላይ ያለችው ትንሿ ማነጣጠሪያና ትልቁ ቧንቧ አንድ ቦታ እንዲያዩ፣ ሩቅ ያለ መብራት ላይ አስተካከሏቸው። «ይህን ቀን በብርሃን ነበር መሥራት» አሉ። ከዚያ ወንድሜን ጠሩት።

ልጁ አጎንብሶ አየ። ዝም አለ። እንደ ሌላው ጊዜ «አየሁት!» አላለም። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እታለም… እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ተራዬ ደርሶ ሳይ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር፣ ዙሪያዋን ቀጭን ቀለበት ታጥቃለች። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አታክልም። ግን ራሷ ናት!

ጋሼ በዚህ አላበቁም። «ቅደም ተከተሉን ነው የሳታችሁት» አሉን። መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ ባይኖኩላር፣ ከዚያ ቴሌስኮፕ። የእሳቸውን ባይኖኩላር ሰጡን፤ «8×40» ይላል። ይህን ቁጥር ዕቃው ላይ ስታዩት እንዳትደናገሩ። የመጀመሪያው የሚያጎላበት ነው፤ 8 ጊዜ። ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት ነው፤ 40 ሚሊ ሜትር። ጨለማ ውስጥ የዓይናችን ብሌን ቢከፈት ቢከፈት 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ባለ 40ው ለእያንዳንዱ ዓይን ከ30 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስብለታል፤ ባለ 50ው ወደ 50 እጥፍ። የሰማይ ነገር የሚቸግረው ማነሱ ብቻ አይደለም፤ መደብዘዙ ነው። ለዚህ ነው ዋናው የአፉ ስፋት የሆነው። እንጦጦ ተራራ ላይ በ2007 ዓ.ም. የተመረቁት ሁለቱ የአገራችን ቴሌስኮፖች የሚጠሩት በሚያጎሉበት ቁጥር አይደለም፤ «ባለ 1 ሜትር» ነው የሚባሉት። የመስታወታቸው ስፋት ማለት ነው።

ክርናችንን ግንብ ላይ አስደግፈን ወደ ጁፒተር ስናነጣጥር፣ ከጎኗ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ነጥቦች በአንድ መስመር ተሰልፈው አየን። ወንድሜ «ጨረቃዎቿ!» ብሎ ጮኸ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ያገኘው 20 ጊዜ ያህል ብቻ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ነው። እኔ 675 ካልሆነ አልገዛም ያልኩት ሴትዮ ይህን ስሰማ ምን ልበል?

እንግዲህ ለእኚያ እናትና ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ 7×50፣ 8×40፣ 8×42 ወይም 10×50 ባይኖኩላር በቂያችሁ ነው። ከ10 ጊዜ በላይ የሚያጎላውን ያለ ማቆሚያ በእጅ ይዛችሁ አትችሉትም፤ ልባችሁ ሲመታ ጨረቃዋም ትዘላለች። ለልጅ ከሆነ ክብደቱን አስቡ፤ ብዙዎቹ ባለ 50ዎች ወደ 1 ኪሎ ይጠጋሉ። «ከ10 እስከ 50 ያጎላል» የሚባለውን፣ እየተጠመዘዘ የሚቀያየረውንም ተዉት፤ ሁሉን እችላለሁ የሚል አንዱንም በወጉ አይሠራም። ሌንሱ እንደ ሩቢ ቀይ የሚያብረቀርቀውም ያምራል እንጂ፣ ወደ ዓይናችሁ መግባት የነበረበትን ብርሃን ነው የሚመልስባችሁ።

ሱቅ ስትሄዱ አትፈሩ፤ ሞክሩት። ከበሩ ወጥታችሁ ሩቅ ያለ ሕንፃ ላይ ያለ ጽሑፍ እዩ። በሁለቱም ዓይን ስታዩ አንድ ክብ ብቻ መታየት አለበት። ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ወይም ራሳችሁን ከወጋችሁ ውስጡ ተዛንፏል፤ በነፃ ቢሰጧችሁም ይቅርባችሁ። ቀጥሎ ከፊታችሁ አንድ ክንድ አርቃችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። የዓይን ሌንሶቹ ላይ ሁለት ብሩህ ክቦች ታያላችሁ። ሙሉ ክብ ከሆኑ መልካም፤ ጠርዛቸው የተቆረጠ ከሆነ ዕቃው ርካሽ ነው። ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ መልሱት።

ስትጠቀሙበትም ወግ አለው። የቀኙን በእጃችሁ ሸፍናችሁ በግራ ዓይን እያያችሁ መሃል ላይ ያለውን መዘውር አጥሩ። ከዚያ ግራውን ሸፍኑና የቀኙን የዓይን ሌንስ ራሱን አዙራችሁ አጥሩ። ሁለት ዓይኖቻችን እኩል ስላይደሉ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ «ዕቃው ብዥ ይላል» ብሎ ይጥለዋል። መነጽር የምታደርጉ ደግሞ የጎማውን ከንፈር እጠፉት።

«አይ፣ እኔ ቴሌስኮፕ ነው የምፈልገው» ካላችሁም አልከለክልም። ካርቶኑ ላይ ያለውን የማጉያ ቁጥር ግን በእጃችሁ ሸፍኑት። የሌንስ ከሆነ አፉ ከ70 ሚሊ ሜትር፣ የመስታወት ከሆነ ከ114 ባያንስ ጥሩ ነው። 130 ካገኛችሁ ከኔው ባለ 60 ከአራት እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። እግሩን ነካ አድርጋችሁ ቧንቧው ሲንቀጠቀጥ ስንት ሰኮንድ እንደሚፈጅ ቁጠሩ፤ ቶሎ ካልቆመ ዓይናችሁም አያርፍም። ዶብሶኒያን የሚባል፣ እንደ መድፍ ቧንቧ ሳጥን ላይ የሚቀመጥ ዓይነት አለ። ብሎንና ማርሽ አያበዛም፤ ለጀማሪ የሚመቸው እሱ ነው። ካገኛችሁ እንዳያመልጣችሁ።

ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ። ባይኖኩላር ፈቃድ ሊጠየቅበት የሚችል ዕቃ ነው፤ ኤርፖርት ላይ ከመጨቃጨቅ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ከገባላችሁም በኋላ ወደ ወታደር ሰፈር፣ ወደ ኤርፖርት፣ ወደ ጎረቤት መስኮት አታዙሩት። «ኮከብ እያየሁ ነው» ብትሉ ማን ያምናችኋል?

አንድ ነገር ደግሞ በብርቱ ላሳስባችሁ። በባይኖኩላርም ሆነ በቴሌስኮፕ ፀሐይን አትዩ! ልጅም ቀን ለቀን ብቻውን እንዲጫወትበት አትተዉ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሠራ ብዙ ሰው ለግርዶሽ በተሠራ መነጽር ተመልክቷል። ያ መነጽር ለባዶ ዓይን ነው፤ ከባይኖኩላር ኋላ ቢያደርጉት አያድንም። ከአንዳንድ ቴሌስኮፕ ጋር የምትመጣ፣ የዓይን ሌንሱ ላይ የምትጠመጠም ጥቁር «የፀሐይ ማጣሪያ» አለች። በሙቀቱ ልትሰነጠቅ ስለምትችል ወደ ቆሻሻ ጣሏት። አንድ አፍታ ለዘላለም ታሳውራለች።

ምክሬ አለቀ፤ የወንድሜ ነገር ግን አላለቀም።

በዚያው ዓመት ለገና ዝዋይ አክስታችን ጋ ልንሄድ ስንነሳ ጋሼ ባይኖኩላራቸውን አንገቱ ላይ አጠለቁለት። «ሐይቁ ዳር ወፉን ቀን እየው፤ ማታ ደግሞ ያችን የኛን ኮከብ ፈልጋት» አሉት። «የኛ» ያሏት ወዲህ ናት፦ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ለየአገሩ አንድ ኮከብና የእሷን ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለእኛ የደረሰችውን ኮከብ «ቡና» አልናት፤ ፕላኔቷን ደግሞ «አቦል»። የድሮ የመዝገብ ስሟ ኤችዲ 16175 ነው። ወደ 200 የብርሃን ዓመት ግድም ትርቃለች። በባዶ ዓይን አትታይም፤ በባይኖኩላር ግን ትታያለች። የምትገኘውም አንድሮሜዳ በሚባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው። አንድሮሜዳ ደግሞ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ምንም እንኳ ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ የዛሬውን ድንበራችንን ብቻ ማለታቸው ባይሆን፣ ቡናችን እዚያ መገኘቷ ደስ አይልም?

የገና ዕለት ማታ፣ 2 ሰዓት ግድም፣ የአክስታችን ጓሮ ጨለማ ነው። ጨረቃ የለችም። ጁፒተር አናታችን ላይ ደምቃለች። ወደ ሰሜን ዞረን ፈለግን። አልማክና አልጎል የሚባሉ ሁለት ደማቅ ኮከቦች አሉ። በሁለቱ መሃል ስትደርሱ በባይኖኩላር እንደ ተበተነ ጨው የሚታይ የኮከቦች ጭፍራ ታገኛላችሁ፤ ኤም 34 ይባላል። ከእሱ ወደ አልማክ በኩል ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን የሚያክል መንገድ ስትሄዱ ቡና እዚያ ናት። ስልክ ላይ የሚጫን የኮከብ ካርታ ካላችሁ ይቀላል፤ ብርሃኑን ግን ቀንሱት፣ ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል።

እኔ «አገኘኋት መሰለኝ» አልኩና ባይኖኩላሩን ለወንድሜ ሰጠሁት። ጠበቅኩ። ከውስጥ የቡና ሽታ ይመጣል፤ አክስታችን «አቦሉ ደረሰ፣ ኑ ግቡ!» ትላለች። እናታችን በር ላይ ቆማ ታየናለች።

«አይታየኝም እታለም» አለኝ።

ብታምኑም ባታምኑም፣ ደስ አለኝ! ቀለበቷን «አየሁት» ካለኝ ቀን ይልቅ ደስ አለኝ። «እሺ፣ ከመጀመሪያው እንሂድ። አልማክን ያዝካት?» አልኩት። «ያዝኳት።» «ጨው የመሰለውን?» «አዎ።» «ወደ ግራ መለስ በል።» ብዙ ቆየ። አንዴ ጠፋበት፤ እንደገና ጀመርን። አክስታችን ሁለተኛ ጠራችን። ከዚያ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ «ትንሽ ናት… ነጭ ነገር። እሷ ናት?» አለ። ካርታውን አየን። እሷው ናት። «አቦል ግን አትታይም አይደል?» አልኩት። «አቦልማ ቤት ውስጥ ናት፤ እየቀዘቀዘች ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

የሚቀጥለው ዕቁብ ሲደርሰኝ ቆርቆሮው ተቀየረ፤ ሱቅ መስኮት ወደ ሌላ አላየሁም። ባለ 60ው ቴሌስኮፕም አልተጣለም፤ ፌስታል ድንጋዩን አንጠልጥሎ አሁንም ጨረቃ ያሳየናል።

እናቴ ሆይ፣ እርስዎንም የምለው ይኸው ነው። መጀመሪያ ባይኖኩላር ካለው ሰው ለምነው ለልጁ አንድ ማታ ያስይዙት። ክረምት ከሆነ መስከረም እስኪጠባ ይቆይ፤ ደመናው የትም አያደርሳችሁም። ብሩን ካወጡ በኋላም አጠገቡ ሆነው «ታየህ?» ብለው ሲጠይቁት «አልታየኝም» ማለት እንዲችል አድርገው ይጠይቁት። እኔን 13 ሺህ 500 ብር ያስከፈለኝ ይህን አለማወቄ ነው።

በሉ ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑልኝ!